አባቴ መድረክ ላይ ዘር የቆጠሩ ዕለት

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ይህን የምለው እንድትመርቁኝ አይደለም። በአገራችን ዓይን አፋር ሴት ትመሰገናለች፤ የእኔ ግን ምስጋናውን አልፎ ወደ በሽታው የተጠጋ ነው። ሱቅ ስሄድ የምፈልገውን በጣቴ ነው የማሳየው። ባለሱቁ ሳሙናውን ትቶ ከጎኑ ያለውን ክብሪት ቢሰጠኝ፣ ክብሪቱን ተቀብዬ፣ አመስግኜ እወጣለሁ። ተከራይቼ በምኖርበት ክፍል ውስጥ ለልጅ ልጅ የሚበቃ ክብሪት ነበረ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት በግ የሚጠብቅ ጠፍቶ ነው ይባላል። እሱም አለበት። ዋናው ምክንያት ግን ሰባተኛ ክፍል የገባ ተማሪ ሰልፍ ላይ ወጥቶ ዜና ያነባል ሲሉ መስማቴ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው መድረክ ላይ ያወጧት።

ያን ጊዜ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ውስጥ በከተማው አዳራሽ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ በምድር ላይ አልተፈጠረም። አዳራሹ ውስጥ አልፎ አልፎ ስብሰባ ይደረጋል፤ በተረፈው ቀን ያለነው ወንበሮቹና እኔ ነን። ወንበር ደግሞ የማን ልጅ ነሽ፣ ለምን አላገባሽም አይልም። ከሁሉም በላይ ቁልፍ ነበረኝ። የአዳራሹ ቁልፍና የክፍሌ ቁልፍ፣ ሁለቱም በአንድ ክር ታስረው አንገቴ ላይ ይውላሉ። በሕይወቴ የራሴ የምለው ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም ነበር። ማታ ክፍሌን ከውስጥ ስቆልፍ የሚሰማኝን ነገር የሚያውቀው፣ በር በሌለው ጓዳ ያደገ ሰው ብቻ ነው።

አባቴ አቶ ሽፈራው ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቀው ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሳቸው ነን። ከተማ ገብቼ እንድሠራ ሲፈቅዱልኝ ያስቀመጡት ነገር አንድ ነበር።

«ስምሽን ገበያ ላይ እንዳልሰማ። የሰማሁ ዕለት ጓዝሽን ጠቅልለሽ ከበጎቹ ኋላ ነሽ።»

እኔም በሆዴ ሳቅሁ። የእኔን ስም ማን ገበያ ላይ ያነሳዋል? ባለሱቁ እንኳ የሚያውቀኝ «ክብሪት የምትገዛዋ ልጅ» እያለ ነው።

አንድ ቀን፣ በገበያ ዋዜማ፣ ከአዲስ አበባ አንድ የኪነት ቡድን መጣ። ዘፈን፣ ቀልድ፣ ውዝዋዜ፣ በመጨረሻም ቴአትር፣ ሁሉም በአንድ ትኬት። ገበያተኛው ሳይበተን እንዲያየው ተብሎ ዝግጅቱ ለማግስቱ ስምንት ሰዓት ተቀጠረ። የአዳራሹ ኃላፊ ጋሽ ተፈራ ጠሩኝና፣ «ወንበሮቹን ሁለት ጊዜ ወልውያቸው» አሉኝ። «የወረዳው ሰዎች አዳራሹን የእህል መጋዘን እናድርገው ብለው ተነስተዋል። ነገ ሰው ከሞላ ይተዉታል። ካልሞላ ግን እኔም አንቺም...» ብለው በእጃቸው ወደ በሩ አሳዩኝ።

እኔም ወንበሮቹን ሦስት ጊዜ ወለወልኳቸው።

አሁን የሚመጣው ሁሉ ጥፋቱ የብርዱ ነው። ሙሽሪት ሆና የምትጫወተው ሊሊ የምትባል ልጅ ከመኪና የወረደችው ትከሻዋ የተራቆተ ቀሚስ ለብሳ ነው። መንዝ ላይ! በዚያ የብርድ ወር! ያየናት ሁሉ እሷን ከማድነቅ ፋንታ ብርድ ብርድ አለን። ሲነጋ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ትኩሳቷ ወጥቶ፣ አልጋ ላይ ተገኘች። ሦስት ባና ደራርበውባት ከዚያ ሁሉ የበግ ጠጉር ሥር የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነበር።

አዘጋጁ፣ አንገቱ ላይ ረጅም ሻርፕ የጠመጠመ ቀጭን ሰው፣ መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ ፀጉሩን ይነጫል። እኔ ከታች ጎንበስ ብዬ እወለውላለሁ።

«አንቺ!» አለኝ። «እስቲ ቀና በይ!»

ባሰብኝና ይበልጥ አቀረቀርኩ።

«ኑ እዩልኝ!» ብሎ ጮኸ ወደ ጓደኞቹ። «ይህን አንገት መድፋት ሊሊን ሦስት ወር አስተማርኳት፣ አልቻለችም! ይቺ ይዛው ተወልዳለች!»

«እኔ እኮ ጽዳት ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ጽዳት ነኝ።»

«አልሰማሁሽም፤ አያስፈልግምም። አንድም ቃል አትናገሪም። ትሸፈኛለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ አባትሽ እምቢ ሲል ታለቅሻለሽ። አለቀ።»

ጋሽ ተፈራን አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ በሩን አዩት። እሺ ሳልል እሺ እንዳልኩ ተቆጠረ። እምቢ ለማለትም እኮ ድምፅ ያስፈልጋል።

ራሴን ያጽናናሁት እንዲህ እያልኩ ነው፦ ፊቴ ይሸፈናል፣ ማንም አያውቀኝም፣ አባቴ ቢመጡም የሚውሉት የበግ ተራ ነው፤ እሳቸውና ቴአትር ምንና ምን ናቸው! ይህን እያሰብኩ የሙሽራ ቀሚሱን ሹራቤ ላይ ስደርብ የቡድኑ መኪና ጣሪያው ላይ ሞንታርቦ ሰቅሎ ከግቢው ወጣ። ድምፁ እዚያ ማዶ ደብሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል።

«የመሐል ሜዳና የአካባቢው ሕዝብ ሆይ! ዛሬ ስምንት ሰዓት በአዳራሹ! ዘፈን! ቀልድ! ቴአትር! ሙሽሪቷ ከአዲስ አበባ የመጣች እንዳትመስላችሁ! የገዛ አገራችሁ ልጅ፣ የአቶ ሽፈራው ኃይሌ ልጅ ናት! ሽማግሌ ተልኮባታል! አባት ይሰጣል ወይስ ይከለክላል? እንዳያመልጣችሁ!»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ከነአያቴ የነገራቸው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ስል ጋሽ ተፈራ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። «ሰው እንዲሞላ ብዬ ነው» አሉ።

መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ በግ ተራ ወረደ።

በኋላ እንደሰማሁት አባቴ በዚያች ሰዓት ሁለቱን በጎች ሊሸጡ፣ ገዢው እጁን ዘርግቶ፣ እሳቸውም ሊመቱለት እጃቸውን አንስተው ነበር። ያነሱት እጅ እንደተነሳ ቀረ። ከዚያ በጎቹን መልሰው እየጎተቱ ወደ አዳራሹ መጡ። በረኛው «በግ አይገባም» ቢላቸው ከሞንታርቦው መኪና ጎማ ጋር አሰሯቸውና ትኬት ቆርጠው ገቡ።

አዳራሹ ጢም አለ። መጋረጃው ላይ ባለችው ቀዳዳ ሳይ አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ከሳሽ ተቀምጠዋል። አዘጋጁ ስንቀጠቀጥ ሲያየኝ «ድንቅ!» አለ። «ይህንኑ መድረክ ላይ ድገሚው!»

መጀመሪያ የወረዳው ሹም መክፈቻ ንግግር አደረጉ። ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዛፍ ተከላ ተናግረው ሲጨርሱ ተወዛዋዦቹ ያሟሟቁት ገላ መልሶ በርዷቸው ነበር። ቀጥሎ ዘፋኙ ዘፈነ፤ እሱስ ደህና ነው። ከዚያ ቀልደኛው ወጣና ስለ ታክሲ ወረፋ ማውራት ጀመረ። እኛ ጋ ታክሲ የለም። ሰዉ በትዕግሥት አዳመጠው። ሰውዬው ታክሲ አጥቶ አንድ ሰዓት ቆመ፣ ሁለት ሰዓት ቆመ... አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ታዲያ በእግሩ ለምን አይሄድም?» ብለው ጠየቁት። ያኔ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀልደኛው ግን አብሮ አልሳቀም።

በመጨረሻ መጋረጃው ለእኛ ተከፈተ። እኔ ተሸፋፍኜ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። አባት የሆነው ልጅ ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነስንሶ፣ ሆዱ ላይ ትራስ ጎስጉሷል። አራት ሽማግሌዎች የጥጥ ጢማቸውን ይዘው ገቡ።

«እዚያው ቁሙ!» አላቸው ትራሱን እየደገፈ። «ምን ፈለጋችሁ?»

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተሰማ። በእኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ «ካልሰማኸን አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል፤ የልጅቷ አባት ደግሞ «ኧረ በሞቴ ተቀመጡ» እያለ ይለምናል። ይህኛው አባት ራሱ ተቀምጦ ሽማግሌ ያቆማል።

«ልጅህን ለልጃችን...» ብሎ አንደኛው ሽማግሌ ሲጀምር፣

«ልጄን ለድሃ አልሰጥም!» አለ ባለትራሱ።

ልጁ የማን ልጅ ነው ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ! እኔም ራሴ ከመሸፋፈኛዬ ሥር ደነገጥኩ። ከሦስተኛው ረድፍ ግን ድምፅ ተነሳ።

«በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል ሲጠራ እኛ ጋ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ቀጥ አሉ። ኦርጋን የሚመታው ልጅ ጣቱን እንዳነሳ ቀረ። በረኛው ሊዘጋ የጀመረውን በር ግማሽ ላይ ተወው። ዱላው ቋ፣ ቋ እያለ ደረጃውን ወጣ።

«አንተ ማነህ?» አሉ አባቴ።

«እኔ... አባቷ ነኝ» አለ ባለትራሱ።

«የማን አባት?»

«የ... የሙሽሪት።»

አባቴ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁ?»

«ሰምተናል!» አለ አዳራሹ።

«ተነስ» አሉት። ተነሳ። ትራሱ ወደቀ። አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «ይቅር በሉኝ፣ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ኧረ ተቀመጡ፣ በሞቴ!» አሉ። መድረኩ ላይ ያለው ወንበር ሁለት ብቻ ስለነበር ከፊተኛው ረድፍ ወንበር እንዲቀበሉ አዘዙ። የወረዳው ሹም ሳይወዱ በግድ የራሳቸውን አቀበሉ።

እኔ አሁን እያለቀስኩ ነው። እውነቴን ነው። የማስበው ያንን ቁልፍ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አዘጋጁ፣ «ጎበዝ! በርቺ! ትንሽ ድምፅ ጨምሪበት!» ይለኛል።

«እሺ» አሉ አባቴ፣ ተደላድለው ተቀምጠው። «ልጁ የማን ልጅ ነው?»

ይህ ጥያቄ ድርሰቱ ውስጥ የለም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«የ... የደግ ሰው ልጅ ነው።»

«ደግነቱን በኋላ እናመጣዋለን። ስም ንገሩኝ።»

«ዳንኤል» አለ አንደኛው፤ የቸኮለ ሰው ነው፤ ሙሽራ ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ የእውነት ስም ነው የተናገረው።

«ዳንኤል ማን? እዚህ ካለ ራሱ ይምጣ!»

ሙሽራው ከመጋረጃ ኋላ ተጎትቶ ወጣ። ተራው ገና ነው ብሎ ቆሎ ይቆረጥም ነበር፤ አፉ ሙሉ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ደስ የሚል ልጅ ነው፤ እውነት ለመናገር በመሸፋፈኛዬ በኩል ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር።

«አባትህ?»

«ከበደ።»

«የከበደ አባት?»

«በቀለ።»

«የበቀለ አባት?»

ልጁ ቆሎውን ዋጠ። «እንግዳወርቅ ሲሉ ሰምቻለሁ... ከጊሼ ነው የመጣው ይላሉ።»

አባቴ ከወንበራቸው ተነሱ። ዱላቸው ወደቀ። «የጊሼው እንግዳወርቅ? ግራ እጁ ላይ ስድስት ጣት የነበረው?»

«አዎ! እንዴት አወቁ?»

«ከአያቴ ከዓለሙ ጋር የአንድ አባት ልጆች ናቸው! የወልደማርያም ልጆች! ወደ አዲስ አበባ እንደወጣ የቀረው እሱ ነው!» ብለው ልጁን አንገቱን አንቀው ሳሙት፤ አራቴ፣ አምስቴ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ አባቴ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ወልደማርያም፣ እንግዳወርቅ፣ በቀለ፣ ከበደ፣ አንተ። ወልደማርያም፣ ዓለሙ፣ ኃይሌ፣ እኔ፣ እሷ። አምስት ቤት!»

«አምስት ቤት!» አለ አዳራሹ በድንጋጤ።

«ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ሰርጉ ፈርሷል!»

አዘጋጁ ሻርፑን እየጎተተ ወደ መድረኩ ሮጠ። «አባቴ፣ ይቅርታ፣ ይህ እኮ ቴአትር ነው!»

«ቴአትርም ቢሆን ዘመዳሞች አይጋቡም።»

«የእውነት አይጋቡም እኮ!»

«የእውነት የማይጋቡ ከሆነ ታዲያ ሽማግሌውን ምን አደከማችሁት?»

አዘጋጁ ወደ ሕዝቡ ቢዞር ሕዝቡ የአባቴ ወገን ነው። አንድ መሪጌታ ከመሃል ተነስተው፣ «ቤተ ክርስቲያንም አትፈቅድም» ብለው ተቀመጡ። አንዲት እናት ደግሞ፣ «እግዜር ነው ያወጣቸው፤ ሳይታወቅ ተጋብተው ቢሆንስ ኖሮ!» እያሉ ያማትባሉ።

አዘጋጁ የመጨረሻ ሙከራ አደረገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱን ጢሙን ነጠቀውና፣ «በቃ! ሙሽራው ይህ ነው!» አለ።

አባቴ አዲሱን ሙሽራ ከላይ እስከ ታች አዩት። «አገርህ?»

«ጅማ።»

«የአባትህ አገር?»

«ጅማ።»

«የእናትህስ?»

«ጅማ፣ አባቴ።»

«በመንዝ፣ በጊሼ፣ በመርሐቤቴ ዘመድ አለህ?»

«ወደዚህ የመጣሁት ትናንት ነው።»

«ይህስ ንጹሕ ነው!» አሉ አባቴ በደስታ። «ሰጥቻለሁ!»

ችግሩ፣ በድርሰቱ አባት መፍቀድ አልነበረበትም። ቴአትሩ በሙሉ የቆመው እምቢታው ላይ ነው፤ እኔ ልጠፋ፣ ሙሽራው ሊያብድ፣ ባለትራሱ በመጨረሻ በጸጸት ሊወድቅ። አንድ ሰዓት ተኩል የተባለው ቴአትር በሩብ ሰዓት በስምምነት አለቀ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ ከበሮ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሰዉ መድረኩ ላይ ወጥቶ ይጨፍራል፤ ባለትራሱ ሳይቀር ትራሱን ታቅፎ ይጨፍራል። እኔን ሦስት ሴቶች ግንባሬን ሳሙኝና «መልካም ልጅ ነው፣ ብቻ ጅማ ይርቃል» አሉኝ።

ሰዉ ሲበተን የወረዳው ሹም የጋሽ ተፈራን እጅ ጨበጡ። «እንዲህ ያለ አዳራሽ መጋዘን ማድረግማ ነውር ነው» አሉ። አዳራሹ ዳነ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ውጭ አባቴን አገኘኋቸው። በጎቹን ከጎማው ላይ እየፈቱ ነው። መሬት መሬት እያየሁ፣ «አባዬ» አልኳቸው፣ «ስሜን ገበያ ላይ ያስጠራሁት እኔ አይደለሁም።»

«የአንቺን ስም ማን ጠራ?» አሉ ገርሟቸው። «የተጠራው የእኔ ነው። ከነአባቴ! በግ ተራ ያለ ሰው በሙሉ ኮፍያውን አነሳልኝ።»

ቆጣ ያላሉት ለካ ለዚህ ነው! እፎይ አልኩ። እግዚአብሔርን ላመሰግን አንገቴን ቀና ሳደርግ አዘጋጁ ሮጦ ደረሰ። ጠዋት ፀጉሩን ይነጭ የነበረው ሰው አሁን ዓይኑ ያበራል።

«አባቴ! ሰዉ መቼ ትደግሙታላችሁ እያለ በሩ ላይ ይዞናል። ነገ ሞላሌ ነን። ከዚያ በየከተማው እንዞራለን፤ መጨረሻችን ዓለም ከተማ ነው። ምን አለ አብረውን ቢሄዱ? ሌላ ምንም አይጠበቅብዎትም። ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ይቆጥራሉ።»

አባቴ እንደ አገሩ ልማድ ቶሎ እሺ አላሉም። ሰማይ ሰማይ አዩ። ዳንኤልን አዩት። «እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «የእንግዳወርቅ ዘር ዘመዱን በማያውቅበት አገር ብቻውን መሄድ የለበትም። ሳያውቅ ያገባል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ገመዱን እጄ ላይ አኖሩት።

«በጎቹን ያዢ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ቤቱ ክፍት ነው፣ ገብሱም አልታጨደ።»

«አባዬ፣ ሥራዬስ?!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ጮህኩ። ዙሪያችን የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አዘጋጁ፣ «ይህ ድምፅ እስካሁን የት ነበር?» አለ።

አባቴ በእርጋታ፣ «አዳራሹ የትም አይሄድም» አሉ። «በጎቹ ግን ይሄዳሉ።»

ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሲነሳ አባቴ ገቢና ውስጥ ነበሩ፣ በሾፌሩና በዳንኤል መካከል። ሊሊ ኋላ ነበረች፣ ከነባናዋ።

እኔ ቁልፌን ላስረክብ ጋሽ ተፈራ ቢሮ ሄድኩ። «በቃል አይሆንም» አሉኝ፤ «ሥራ የሚለቅ ሰው ማመልከቻ ይጽፋል። ምክንያቱንም ጭምር።» በስድስተኛ ክፍል እጄ፣ ሁለት ጊዜ ሰርዤ፣ ጻፍኩላቸው። የክፍሌንም ቁልፍ ለአከራዬ እንዲሰጡልኝ ከክሩ ሳልፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንዴ አነበቡ፣ መነጽሩን ጠርገው ደገሙት።

«‹ምክንያት፦ አባቴ ቴአትረኛ ስለሆኑ።›»

ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«ልጄ ቴአትረኛ ሆነብኝ፣ ልጄ ቴአትረኛ ሆነችብኝ እያለ የሚያለቅስ አባት ዘመኔን ሙሉ ስሸኝ ኖሬያለሁ» አሉና ወረቀቱን ገለባብጠው ማኅተሙን መቱበት። «ይህን ግን የትኛው ፋይል ውስጥ እንደምከተው አንቺው ንገሪኝ።»